ወበቅና ኤም ኤስ፦ ቴርሞሜትሩ 31 ብቻ እያለ እግር ለምን ይከዳል?

ጥያቄ፦ «የ36 ዓመት ሴት ነኝ። መልቲፕል ስክለሮሲስ (ኤም ኤስ) እንዳለብኝ ከተነገረኝ 4 ዓመት ሆነኝ። በየዓመቱ ወበቁ ሲገባ ከሰዓት በኋላ ቀኝ ዓይኔ ብዥ ይልብኛል፣ እግሮቼም ድንጋይ የታሰረባቸው ያህል ይከብዱኛል፤ ማታ ቀዝቀዝ ሲል ይለቀኛል። ሙቀቱ ከ31 ዲግሪ አያልፍም፣ እርጥበቱ ግን 80 በመቶ ይደርሳል። ውሃ ተነክሮ የሚለበስ ማቀዝቀዣ ሰደሪያ ገዝቼ ምንም አልፈየደልኝም። ሽንት ስለሚያጣድፈኝ ውሃ መጠጣት ቀንሻለሁ። ባለቤቴ ‹እያንዳንዱ ግርሻ ነርቭሽን ይበላዋል› ብሎ የእግር ጉዞዬን አስቁሞኛል። ስቴሮይድ ልወጋ? ወይስ ቀዝቃዛ አገር ሄዶ መኖር ነው የሚያዋጣኝ?»

መልስ፦ ከባለቤትዎ ስጋት እንጀምር፤ ሌላው ውሳኔ ሁሉ የተንጠለጠለው እሱ ላይ ነውና። የገለጹት ነገር ግርሻ አይመስልም። ግርሻ የሚባለው በአንጎል፣ በህብለ ሰረሰር ወይም በዓይን ነርቭ ላይ አዲስ ብግነት ተነሥቶ፣ ትኩሳትም ኢንፌክሽንም ሳይኖር፣ ከ24 ሰዓት በላይ የሚቆይ አዲስ ወይም የባሰ ምልክት ሲያመጣ ነው። የእርስዎ ግን ሰዓት ጠብቆ ይመጣል፣ ቀድሞ የተጎዳውን ቦታ ብቻ ይነካል፣ ሰውነት ሲቀዘቅዝም ይሄዳል። ይህ የሙቀት ጠባይ ነው። ነርቩን አይበላውም፤ ለጊዜው መልእክት እንዳያሳልፍ ያደርገዋል እንጂ። ኤም ኤስ ካለባቸው ሰዎች አብዛኞቹ በተለያየ መጠን ያውቁታል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጤነኛ ነርቭ፣ የኤሌክትሪክ ሽቦ በፕላስቲክ እንደሚሸፈን፣ ማይሊን በሚባል ቅባታማ ሽፋን ተጠቅልሏል። መልእክቱ በሽፋኑ ላይ ካለው ከአንዱ ክፍተት ወደ ሌላው እየዘለለ ይሄዳል፤ በየክፍተቱም የሶዲየም በሮች እየተከፈቱ ጉልበት ይጨምሩለታል። ሰውነት ሲሞቅ እነዚህ በሮች ቶሎ ይዘጋሉ፣ የሚገባው ሶዲየምም ያንሳል። ጤነኛ ነርቭ ከሚያስፈልገው ብዙ እጥፍ ትርፍ ጉልበት ስላለው ጉድለቱ አይታወቀውም። በኤም ኤስ ሽፋኑ የተላጠበት ነርቭ ግን ወትሮም ኑሮው ከእጅ ወደ አፍ ነው። የሰውነት የውስጥ ሙቀት በግማሽ ዲግሪ፣ በአንዳንድ ሰው ላይ ከዚያም ባነሰ፣ ከፍ ሲል መልእክቱ መንገድ ላይ ይቀራል። የቀኝ ዓይንዎ ነርቭ ቀደም ብሎ ተጎድቶ ከነበረ፣ ብዥታው ሁልጊዜ እዚያው ዓይን ላይ የሚመጣው ለዚህ ነው።

ዊልሄልም ኡትሆፍ የተባለ ጀርመናዊ የዓይን ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1890 ሰውነታቸውን ሲያንቀሳቅሱ ዓይናቸው የሚደክምባቸውን የኤም ኤስ ሕመምተኞች መዝግቧል፤ ክስተቱ እስከ ዛሬ የሚጠራው በእሱ ስም ነው። ጥፋተኛው እንቅስቃሴው ሳይሆን እንቅስቃሴው የሚያመጣው ሙቀት መሆኑ የታወቀው በኋላ ነው። ባለቤትዎ የእግር ጉዞውን ሲያስቆሙ የሠሩት ያንኑ የጥንት ስሕተት ነው ማለት ይቻላል። ኤም አር አይ ከመምጣቱ በፊት ሐኪሞች በሽታውን ለመለየት ሰውየውን ሙቅ ውሃ ገንዳ ውስጥ አስቀምጠው ምልክቱ እስኪወጣ ይጠብቁ እንደነበርም ልብ ይበሉ። ዛሬ ማንም አያደርገውም፤ በቤትዎ ገንዳ ሳያውቁት እንዳይደግሙት ግን ይጠንቀቁ። ሙቅ ገንዳ፣ ሳውናና እንፋሎት ቤት ለእርስዎ አይሆኑም። አደጋው ነርቩ መጎዳቱ ሳይሆን እግርዎ ውሃው ውስጥ እንዳሉ ከድቶዎት መውጣት ማቃትዎ ነው።

አሁን ወደ 31 ዲግሪው። ቴርሞሜትሩ ብቻውን ሙሉውን አይነግርዎትም። ሰውነት በሙቀት ጊዜ ራሱን የሚያቀዘቅዘው በዋናነት ላብን በማትነን ነው፤ 1 ሊትር ላብ ሙሉ በሙሉ ሲተን 2,400 ኪሎጁል ያህል ሙቀት ይዞ ይሄዳል። ሳይተን የተንጠባጠበ ላብ ግን ውሃና ጨው ከማባከን በቀር ምንም አይሠራም። ላቡን ከቆዳ ላይ የሚስበው በቆዳው እርጥበትና በአየሩ እርጥበት መካከል ያለው ልዩነት ነው። በ38 ዲግሪ ደረቅ አየር፣ እርጥበቱ 20 በመቶ ቢሆን፣ ይህ ልዩነት በእርስዎ 31 ዲግሪና 80 በመቶ ካለው ከእጥፍ ይበልጣል። ደረቅ 38 ዲግሪን ችሎ የሚውል ሰው በወበቃም 31 ዲግሪ የሚረታው ስለዚህ ነው። በዚህ ላይ ኤም ኤስ በአንዳንድ ሰዎች ላይ ላብን የሚያዙትን ነርቮች ስለሚነካ የሚያልቡት ከሌላው ሰው ያነሰ ሊሆን ይችላል።

ሙቀቱ ምን ያህል ቶሎ እንደሚከማች በቁጥር እንየው። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው ሲራመድ ከሚያመነጨው ሙቀት 100 ዋት ያህሉ መውጫ አጥቶ ውስጥ ቢቀር፣ የውስጥ ሙቀቱ በ20 ደቂቃ ገደማ ግማሽ ዲግሪ ይጨምራል። በዚያች 20 ደቂቃ መጨረሻ ላይ ነው እግር የሚከዳው። ከሰዓት በኋላ የሚብስበት ተጨማሪ ምክንያትም አለ፤ የማንኛውም ሰው የውስጥ ሙቀት ሊነጋጋ ሲል ዝቅ፣ ከሰዓት በኋላና አመሻሽ ላይ ከፍ ይላል። በሴቶች ላይ ደግሞ እንቁላል ከወጣ በኋላ እስከ ወር አበባ ድረስ 0.3 እስከ 0.5 ዲግሪ ይጨምራል። ከወር አበባ በፊት ባሉት ሁለት ሳምንታት ምልክቱ ከባሰብዎ አይደናገጡ፤ ለመርሐ ግብርዎ ግን ይመዝግቡት።

ሰደሪያው ያልፈየደው ስለተበላሸ አይደለም። ውሃ ተነክሮ የሚለበሰው ዓይነት የሚሠራው ልክ እንደ ላብ በትነት ነው፤ ላብዎ ያልተነነበት አየር የሰደሪያውንም ውሃ አያተንም። በእርስዎ አየር ምንም ቢደረግ ከ28 ዲግሪ በታች ሊወርድ አይችልም፤ በደረቁ 38 ዲግሪ ግን እስከ 21 ይወርድ ነበር። በውሃ የሚሠሩ የአየር ማቀዝቀዣዎችም በዚሁ ምክንያት ወበቅ ላይ ከንቱ ናቸው፤ ይባስ ብለው ቤቱን ያረጥቡታል። ማራገቢያ አየሩ ከቆዳ ሙቀት፣ ማለትም ከ35 ዲግሪ ገደማ፣ በታች እስከሆነ ድረስ ይረዳል፤ ብቻውን ግን አይበቃም። ከዚያ በላይ ሲሆን ሙቅ አየር እየነፋ ሊያሞቅዎ ይችላል።

እንግዲህ ትነት ከተዘጋ የቀረው መንገድ ንክኪ ነው፤ ቀዝቃዛ ውሃ፣ ቀዝቃዛ ነገር፣ ቀዝቃዛና ደረቅ አየር። ከሁሉም የላቀ ሆኖ ሳለ ሰዎች የሚዘነጉት ደግሞ ቀድሞ መቀዝቀዝ ነው። ከሞቁ በኋላ ከመታገል፣ ከመውጣትዎ በፊት የውስጥ ሙቀትን ትንሽ ዝቅ አድርጎ መነሣት ትርፍ ጊዜ ይሰጣል። ሻወር ካለዎት ለብ ካለ ውሃ፣ 30 ዲግሪ ገደማ፣ ይጀምሩና በየ2 እና 3 ደቂቃው ትንሽ ትንሽ እያቀዘቀዙ እስከ 20 ወይም 22 ያድርሱት፤ ጠቅላላው 20 ደቂቃ ያህል ይሁን። በአንዴ በረዶ ውሃ ውስጥ መግባት ሁለት ጉዳት አለው። የቆዳ ደም ሥሮች ተኮማትረው ሙቀቱን ውስጥ ይቆልፉታል፤ የሚወጣጠሩ ጡንቻዎች ካሉዎትም ውጥረቱ ይነሣል። መንቀጥቀጥ ከጀመሩ አልፈዋል፣ ያቁሙ፤ መንቀጥቀጥ ራሱ ሙቀት ይፈጥራል። ከውሃው ከወጡ በኋላ የውስጥ ሙቀት ለጥቂት ጊዜ መውረዱን ስለሚቀጥል ደርቀው፣ ለብሰው፣ ቁጭ ብለው 10 ደቂቃ ይጠብቁ። ሻወር ከሌለ፣ ወይም ቆሞ መታጠብ ካስፈራዎት፣ ሁለቱን እጆች እስከ ክርን ከ15 እስከ 20 ዲግሪ ባለው ውሃ ውስጥ ለ15 እና 20 ደቂቃ ይንከሩ። መዳፍና የእግር መርገጫ ሙቀት ለማስወጣት የተሠሩ ሰፋፊ የደም መተላለፊያዎች አሏቸው። ሰሃኑን ጠረጴዛ ላይ አድርገው እያነበቡም ይሆናል። ውሃው በእጅዎ ሙቀት ስለሚሞቅ በመሃል አንዴ ይቀይሩት።

ሰደሪያ ከፈለጉ በበረዶ ከረጢት የሚሠራውን ወይም በተወሰነ ዲግሪ የሚቀልጥ ሰም መሰል ፈሳሽ የያዘውን ይምረጡ። በረዶ ብዙ ሙቀት ይጠጣል፤ 2 ኪሎው ሲቀልጥ 670 ኪሎጁል ገደማ ይወስዳል። ነገር ግን 0 ዲግሪ ነው፤ የደነዘዘ ቆዳ ላይ ሳይታወቅዎ ያቃጥላል፣ እግሩ ለደከመ ሰው ደግሞ 2 ኪሎ ቀላል ሸክም አይደለም። ሰም መሰሉ ከ14 እስከ 18 ዲግሪ ባለው ክልል የሚቀልጥ ስለሆነ ቆዳን አይጎዳም፣ የደም ሥርንም ብዙም አያኮማትርም፤ ለእርስዎ እሱን እመርጣለሁ። ክብደቱን ግን ከመግዛትዎ በፊት ለብሰው ደረጃ ላይ ይሞክሩት። ከቀጭን የጥጥ ሸሚዝ በላይ ተጣብቆ ይለበስ፤ ከሰውነትዎ ጋር ካልተጣበቀ በመካከል ያለው አየር ቅዝቃዜውን አያሳልፍም።

ወበቃም አየር ላይ ደግሞ ሌላ ሌባ አለ። የቀዘቀዘ ከረጢት ውጫዊ ገጽ ላይ የሚጤዘው ጠል የያዘውን ሙቀት ለበረዶው አስረክቦ ነው ውሃ የሚሆነው። 1 ግራም ጤዛ 7 ግራም ያህል በረዶ ያቀልጣል። ስለዚህ ከላይ እርጥበት የማያሳልፍ ቀላል ልብስ ይደርቡበት፣ ወይም ውጫዊ ጎኑ በስፖንጅ የተሸፈነ ይግዙ። የቅዝቃዜው ግማሽ ወደ ውጭ የሚሄድበትን ሰደሪያ ተሸክሞ መሄድ አያዋጣም። ሁለት ተለዋጭ የከረጢት ስብስብ ይኑርዎ፤ አንዱ ፍሪጅ ውስጥ ሲጠነክር ሌላው ሥራ ላይ ይሁን። በአንድ ጊዜ ከ30 እስከ 45 ደቂቃ ለብሰው ያውልቁ፣ ቆዳዎንም ይዩ።

ቤቱን በተመለከተ መላውን ከማቀዝቀዝ አንድ ክፍል ደረቅ አድርጎ መያዝ ይሻላል። ኤሲ ካለ 24 እስከ 26 ዲግሪ ይበቃል፤ ከዚያ በታች ሲያወርዱት ጡንቻው ይወጣጠራል፣ ሲወጡም የውጪው ሙቀት ይመታዎታል። ዋናው የእርጥበት መለኪያው ከ60 በመቶ በታች ማሳየቱ ነው። ለክፍሉ ከመጠን በላይ ትልቅ የሆነ ኤሲ አየሩን በፍጥነት አቀዝቅዞ ቶሎ ይጠፋና እርጥበቱን ሳያወጣ ይቀራል፤ ክፍሉ ቀዝቃዛ ግን እርጥብ ከሆነብዎ ነገሩ ይህ ነው፣ ወደ ማድረቂያ ሥራ ይቀይሩት። እርጥበት ብቻ የሚያወጣ መሣሪያ አየሩን ያደርቃል፣ ግን ሙቀቱን እዚያው ይተዋል፤ እርስዎ ውጭ እያሉ ያሠሩት። በዚያ ክፍል ውስጥ ልብስ አያስጡ፣ ምግብ አያፍሉ።

ውሃ መቀነስዎን ዛሬውኑ ይተዉ። የተጠራቀመና የወፈረ ሽንት ፊኛን ይበልጥ ያስቆጣል፣ ያጣድፋል፣ ለኢንፌክሽንም በር ይከፍታል። ኢንፌክሽኑ ትኩሳት ያመጣል፣ ትኩሳቱ ደግሞ የውስጥ ሙቀትን በግማሽ ሳይሆን በሁለት ዲግሪ ይሰቅላል። ያኔ ነው እግር ጨርሶ የሚከዳው። ልብዎና ኩላሊትዎ ጤነኛ ከሆኑ በቀን ከ1.5 እስከ 2 ሊትር በትናንሹ ከፋፍለው ይጠጡ፣ ሲያልብዎት ይጨምሩ፣ ከመኝታ በፊት ባሉት ሁለት ሰዓታት ያቁሙ። ቡናና ለስላሳ ፊኛን ያስቆጣሉና ይቀንሷቸው። ሲራመዱ በየ15 ደቂቃው በጣም የቀዘቀዘ ውሃ መጎንጨት የውስጥ ሙቀትን ባይለውጥ እንኳ አቅምን ያራዝማል፤ አፍና ጉሮሮ ውስጥ ያሉት የቅዝቃዜ ስሜት ሕዋሳት የሚልኩት መልእክት ድካሙን ያቃልለዋል።

ለፊኛ የሚሰጡ ኦክሲቡቲኒን፣ ቶልተሮዲንና ሶሊፌናሲን፣ እንዲሁም ለነርቭ ሕመም የሚወሰደው አሚትሪፕቲሊን ላብ ሊቀንሱ ይችላሉ። እየወሰዱ ከሆነ ከሙቀቱ ወራት በፊት ከሐኪምዎ ጋር ይነጋገሩበት፤ ለፊኛ ላብን የማይነካ አማራጭ አለ። በራስዎ አያቁሙ። በተለይ ለጡንቻ ውጥረት የሚወሰደው ባክሎፌን በድንገት ሲቆም ራሱ ከባድ ትኩሳትና የሚጥል በሽታ መሰል መንፈራገጥ ሊያመጣ ይችላል። መራመድን የሚያግዘው ፋምፕሪዲን ለአንዳንዱ ሰው ይጠቅማል፣ ግን ቀድሞ የሚጥል በሽታ ላለበት ወይም ኩላሊቱ ለደከመ አይሰጥም። በመርፌ የሚወሰድ መድኃኒት ካለዎት ፍሪጅ ውስጥ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ይቀመጥ፤ ለሰደሪያዎ ካስቀመጡት የበረዶ ከረጢት ጋር አያነካኩት፣ አንዴ በረዶ ከሆነ አይረባም።

የእግር ጉዞው ይመለስ። ያልተሠራበት ጡንቻ ለተመሳሳይ እርምጃ ብዙ ይደክማል፣ ይበልጥም ያሞቃል። ጠዋት፣ ቀድመው ከቀዘቀዙ በኋላ፣ 10 ደቂቃ ሄደው 5 ደቂቃ ያርፉ፤ ዓይንዎ መደብዘዝ ሲጀምር ይቀመጡ እንጂ «ትንሽ ልጨርስ» አይበሉ። መዋኛ ካገኙ ውሃው ከ27 እስከ 29 ዲግሪ ይሁን።

ስቴሮይድ ለዚህ አይሰጥም። የሚያሳጥረው በብግነት የመጣ ግርሻን ነው፤ እዚህ ብግነት የለም። እንቅልፍ ማጣቱን፣ የስኳር መጨመሩንና የኢንፌክሽን ስጋቱን በነፃ መግዛት ይሆንብዎታል። ቀዝቃዛ አገር መሄድም ምልክቱን ያስታግሣል እንጂ የበሽታውን አካሄድ አይለውጥም፤ ቅዝቃዜ ራሱ ጡንቻውን የሚያወጣጥርባቸው ሰዎችም አሉ። ቤተሰብና ሥራ ከመንቀል በፊት ከላይ ያለውን ለአንድ የሙቀት ወቅት በትክክል ይሞክሩት። እኔ የምመክርዎት በቅደም ተከተል ይህ ነው፦ ውሃውን ይመልሱ፣ ከመውጣትዎ በፊት 20 ደቂቃ ይቀዝቅዙ፣ ከሰዓት በኋላ የሚውሉበት አንድ ደረቅ ክፍል ያዘጋጁ፣ ሰደሪያ የሚገዙት ከነዚህ በኋላ ነው። ማቀዝቀዝ የሚሰጠው ጥቂት ሰዓት ነው፤ በሽታውን የሚቆጣጠረውን መድኃኒት አይተካም፣ ድካሙንም ሁሉ አያነሣም፤ የኤም ኤስ ድካም ከሙቀት ውጭ ሌሎች ምክንያቶችም አሉት።

ብዥታው በመጣ ቁጥር የአፍ ቴርሞሜትር ይጠቀሙ፤ ቀዝቃዛ ከጠጡ 15 ደቂቃ ይቆዩ። 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ካሳየ ወበቁ ላይ አያሳቡት፣ ኢንፌክሽን ይፈለግ፣ ትኩሳቱም በፓራሲታሞል ይውረድ። ሰዓቱን፣ ክፍሉ ውስጥ ያለውን ሙቀትና እርጥበት፣ ከቀዘቀዙ በኋላ በስንት ደቂቃ እንደለቀቀዎት ይጻፉ። ከቀዘቀዙ በኋላ አንድ ሙሉ ቀን ያለፈው ምልክት፣ ከዚህ በፊት ባልነበረ ቦታ የመጣ ድክመት ወይም መደንዘዝ፣ ዓይንን ሲያንቀሳቅሱ የሚሰማ ሕመም፣ ሽንት ሲሸኑ ማቃጠል፣ ከእነዚህ አንዱ ካለ ቀጠሮ ሳይጠብቁ ነርቭ ሐኪምዎ ዘንድ ይሂዱ። ብዥ ባለ ዓይን መኪና አይንዱ። በሙቀት ውስጥ ግራ መጋባት፣ መውደቅ ወይም 40 ዲግሪ የደረሰ ሙቀት ግን የኤም ኤስ ጉዳይ አይደለም፤ የሙቀት ምት ነውና ባለቤትዎ ውሃ እያፈሰሱብዎና እያራገቡልዎ አምቡላንስ ይጥሩ።